የጊልዌል ዶቃዎች

ደመወዝ የማይከፈለውን ሰው ማሠልጠን ከባድ ነው፤ ድካሙን ዐውቆ በሚገባው ልክ ማክበር ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ተቀጣሪ ቢያጠፋ ይቀጣል፣ ቢያለማ እርከን ይጨመርለታል። የማታ ዕረፍቱንና ቅዳሜ እሑዱን ሠውቶ የሰፈር ልጆችን የሚመራ በጎ ፈቃደኛ ግን በአለቃ ትእዛዝ አይያዝም፤ ቅር ካለው በማግስቱ ይቀራል፣ ከሰለቸው ሳይሰናበት ይጠፋል። ልጁን የሚያስረክበው ወላጅም በበኩሉ ይህ ሰው ምን እንደሚያውቅና ማን እንዳየው መጠየቁ አይቀርም። በጎ ፈቃደኛውን በምን እንያዘው? ለልጆች የሚበቃ መሆኑንስ በምን እንወቅ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ሥርዓት ለመመለስ ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል ረጅም ዕድሜ ካገኙት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1919 ከለንደን ዳርቻ፣ ጊልዌል ፓርክ በተባለ ቦታ የተጀመረው የስካውት መሪዎች ሥልጠና ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሥልጠናውን የጨረሰ ሰው በቆዳ ጠፍር የታሰሩ ሁለት ትንንሽ የእንጨት ዶቃዎች አንገቱ ላይ ያደርጋል፤ ሥልጠናውም ምልክቱም «ዉድ ባጅ» ይባላሉ። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ልማድ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ዶቃው ነው። እኔ ግን ዶቃው ክብር ያገኘው ከቅደም ተከተሉ ነው እላለሁ፦ መጀመሪያ አብሮ መኖርና የቀደመ ሰው ምክር፣ ቀጥሎ በራስ ሰፈር በራስ ልጆች ፊት የተፈተነ ሥራ፣ ምልክቱ በመጨረሻ። ይህ ተራ በተጠበቀበት ሁሉ ሥርዓቱ ጸንቷል፤ ምልክቱ ሥራውን በቀደመበት ደግሞ የጥቂቶች ጌጥ ወደ መሆን አዘንብሏል።

ስካውትነት የተጀመረው መሪ ሳይዘጋጅለት ነው። በደቡብ አፍሪካው ጦርነት የማፌኪንግን ከበባ ተቋቁሞ በእንግሊዝ ስሙ የገነነው መኮንን ሮበርት ባደን ፓወል በ1907 በብራውንሲ ደሴት ሃያ ያህል ልጆችን ይዞ ሰፈረና ሐሳቡን ሞከረ፤ ከልጆቹ ገሚሶቹ ከባለጸጋ ቤት፣ ገሚሶቹ ከሠራተኛ ቤተሰብ የመጡ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት «ስካውቲንግ ፎር ቦይስ» የተሰኘው መጽሐፉ በየሁለት ሳምንቱ በክፍል በክፍል ወጣ። ልጆች በኪስ ገንዘባቸው እየገዙ አነበቡት፤ አንብበውም ዝም አላሉ፣ በየሰፈሩ ተሰባስበው ራሳቸው ቡድን መሠረቱ፤ የሚመራቸውን ትልቅ ሰው ፍለጋ የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። በ1909 በለንደን ክሪስታል ፓላስ ትልቅ ትዕይንት ሲደረግ የተገኙት ስካውቶች 11,000 ያህል ደርሰው ነበር። ለእነዚህ ሁሉ ልጆች መሪ ሆነው የተገኙት መምህራን፣ ቄሶች፣ ከጦር የተሰናበቱ መኮንኖች፣ የቢሮ ጸሐፊዎችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ቅንነት አላጠራቸውም። ነገር ግን ሁሉም የሚያውቀውን ሙያ ይዞ መጣ፦ መምህሩ ቡድኑን የመማሪያ ክፍል አደረገው፣ መኮንኑ ሰልፍ አስያዘው፣ ቄሱ ሰበከበት። ባደን ፓወል የፈለገው ግን ከእነዚህ አንዱንም አልነበረም። የስካውት መሪ ለልጆቹ እንደ ታላቅ ወንድም እንዲሆን፣ በጨዋታቸው ገብቶ፣ ከእነሱ ጋር ሆኖ እንዲመራቸው ነበር የሚመኘው። ይህን ደግሞ ማንም ከሙያው ይዞት አልመጣም።

የመጀመሪያው መፍትሔ ንግግር ሆነ። በ1910 እና 1911 በለንደን ለመሪዎች ተከታታይ ትምህርት ተሰጠ፤ በኋላም በደብዳቤ ማስተማር ተሞከረ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ግን የጸና ልማድ አልተወለደም። እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ የትምህርቱ ይዘት ማነስ አይደለም። ልጅን በራሱ እንዲመራ መተው፣ ሲሳሳት እያዩ እጅን መሰብሰብ፣ መቼ ገብቶ መቼ መውጣት እንደሚገባ ማወቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰሙት ነገር አይደለም፤ በሌላ ሰው ሲደረግ ታይቶ፣ በራስ ተሞክሮ፣ ሲበላሽ በቀደመ ሰው ታርሞ ነው የሚለመደው። ለዚህ ማስረጃው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ከስድስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ልጆች በአንድ ልጅ አለቅነት የሚሠሩበትን «ፓትሮል» የተባለ ትንሽ ክፍል የሥራው ሁሉ መሠረት አድርጎ በ1914 መጽሐፍ የጻፈው ወጣቱ ሮላንድ ፊሊፕስ ነው፤ እሱ በ1916 በሶም ጦር ሜዳ ወደቀ። ብዙ መሪዎች ወደ ግንባር ሄደው ከዚያው ቀሩ። የሆነ ሆኖ በየቦታው ቡድኖች አልፈረሱም፤ የፓትሮል አለቃ የሆኑት ልጆች ራሳቸው ይዘዋቸው ቆዩ፣ ሴቶችም በመሪነት ገቡ። ልጆቹ መምራት እንደሚችሉ ጦርነቱ አሳየ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ ከጦርነቱ የሚመለሱትንና አዲስ የሚመጡትን ትልልቅ ሰዎች ይህን የልጆች አቅም እንዳይደፈጥጡት አድርጎ ማዘጋጀት ነበር።

ቦታው የተገኘው ከአንድ ሰው ቸርነት ነው። በስኮትላንድ ሮዝኒዝ የስካውት ኮሚሽነር የነበረው ነጋዴው ዊልያም ደ ቧ ማክላረን የለንደን ምሥራቅ ድሃ ሰፈሮች ልጆች የሚሰፍሩበት ሜዳ እንዲያገኙ ፈለገ። ኤፒንግ ከተባለው ደን አጠገብ፣ ከ50 ኤከር በላይ ስፋት ያለው፣ ቤቱ የወላለቀና ግቢው ዳዋ የዋጠው ይዞታ ለሽያጭ ቀርቦ ነበርና 7,000 ፓውንድ ሰጥቶ አስገዛው፤ ለማደሻ ተጨማሪ ገንዘብም ሰጠ። ባደን ፓወል ደግሞ ቦታው የልጆች መስፈሪያ ብቻ ሳይሆን የመሪዎች ማሠልጠኛም እንዲሆን ለመነው፤ ማክላረንም ተስማማ። በ1919 ፋሲካ ሰሞን ፐርሲ ኔቪል የተባለ መሪ ከወጣቶች ጋር ሆኖ ሊያጸዳው ሄደ፤ መሬቱ ከመርጠቡ የተነሣ ያደሩት በአሮጌ የአትክልተኛ ጎጆ ውስጥ ሲሆን ጎጆዋን «የአሳማ ጋጥ» ብለው ሰየሟት። ጎጆዋ እስካሁን ተጠብቃ ትታያለች። ጊልዌል በሐምሌ ተከፈተ። የመጀመሪያው የመሪዎች ኮርስ በሴፕቴምበር 8 ቀን 1919 ጀመረ፤ ሃያ የማይሞሉ ሰዎች ነበሩበት፤ የመራው በጦርነቱ የቆሰለው ፍራንሲስ ጊድኒ ነው።

እነዚህ ሰዎች ወደ ጊልዌል ሲገቡ በየቤታቸው የነበራቸው ማዕረግ ከበር ላይ ቀረ። በፓትሮል ተከፋፈሉ፣ ድንኳን ተከሉ፣ እሳት አነደዱ፣ ወጥ ሠሩ፣ በተራ አለቃ ሆኑ፤ ዛሬ የመራ ነገ ይታዘዛል። መኮንኑ ከጸሐፊው ሥር ሆኖ እንጨት ለቀመ። ጊድኒና ረዳቶቹ ከላይ ሆነው እንደ ፈታኝ አልተመለከቷቸውም፤ አንድ ጥሩ የስካውት መሪ ከልጆች ጋር የሚሆነውን ያህል ሆነው ከእነሱ ጋር ዋሉ አደሩ። ትልቅ ሰው ልጅ ሆኖ ጨዋታ ሲጫወት ማየት ለውጭ ተመልካች ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ በዚያን ዘመንም አዋቂዎች አጭር ሱሪ ለብሰው በጭቃ መንከባለላቸውን የነቀፈ አልጠፋም። ነቀፋው ግን ዋናውን ነገር ይስታል። ያ አዋቂ በካምፑ የተለማመደው ልጅነትን ብቻ አልነበረም። ሌላ ሰው በአግባቡ ሲመራው ምን እንደሚሰማው፣ ችኩል አለቃ ሲገጥመው ቡድኑ እንዴት እንደሚያኮርፍ፣ ሳይታዩ የሚደክሙት እንዴት እንደሚዘነጉ በራሱ አካል ዐየው። የመሪ አሠልጣኞች በቃል ሊያስተምሩት የሚቸገሩበት ትምህርት ይህ ነው። ጊልዌል ለወጣቶች መሪዎች ሥልጠና ያበረከተው ትልቁ ነገርም ይኸው ይመስለኛል፤ ዶቃው ባይኖርም ይህ ብቻውን ይበቃው ነበር።

ዶቃው የመጣው ኮርሱ ሲያልቅ ምን ይሰጥ በሚለው ጥያቄ ነው። የምስክር ወረቀት ነበረ፤ ግን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ባደን ፓወል ከአፍሪካ ያመጣው፣ ከሺህ በላይ ትንንሽ የእንጨት ዶቃዎች አሉት የሚባል ረጅም የአንገት ሐብል ነበረውና ዶቃዎቹን እየፈታ በቆዳ ጠፍር አስሮ ለተመራቂዎቹ ሰጠ። መጀመሪያ በኮፍያና በኮት ላይ ይደረግ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ አንገት ላይ መዋል ጀመረ። ዶቃዎቹ እያለቁ ሲሄዱ ለአንድ ሠልጣኝ አንድ ጥንታዊ ዶቃ ብቻ ተሰጥቶት ሁለተኛውን ከሌላ እንጨት ራሱ እንዲቀርጽ ተደረገ። ችግር ያመጣው መላ ነበር፤ ሆኖም ከቀደሙት የመጣ አንድ ዶቃና በራስ እጅ የተሠራ አንድ ዶቃ ጎን ለጎን መዋላቸው ሥልጠናው ሊል የፈለገውን ሁሉ ያለ ንግግር ይናገራል። ለማክላረን ውለታም የስኮትላንድ ጎሣው መለያ የሆነው ባለመደብ ጨርቅ በተመራቂዎቹ ሻርፕ ላይ ገባ፤ ሻርፑ በሙሉ ከዚያ ጨርቅ ይሠራ ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ዋጋው ስለማይቻል በጀርባው በኩል በተሰፋች ቁራጭ ብቻ ተወሰነ።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ከተደራጀ በኋላ ሠልጣኙ የካምፑን ኮርስ እንደጨረሰ ዶቃውን ይዞ ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር፤ የክርክሬ ምሰሶ ያለው እዚህ ነው። ሥልጠናው ሦስት ክፍል ሆኖ ተደራጀ። በአንደኛው ሠልጣኙ ስለ ሥራው ዓላማና ዘዴ ለቀረቡለት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመልሳል፤ መልሱን የሚያነበው ልምድ ያለው መሪ ነው፤ አንብቦም አስተያየቱን ጽፎ ይመልስለታል። ሌላው የካምፑ ኮርስ ነው። ሦስተኛው ክፍል ሠልጣኙ ወደ ራሱ ቡድን ተመልሶ የተማረውን ለረጅም ጊዜ በሥራ የሚያሳይበት ሲሆን ይህንን ምስክርነት የሚሰጠው ቡድኑን በቅርብ የሚያውቀው የአካባቢው ኮሚሽነር ነው። እንግዲህ ዶቃው የሚታሰረው ሦስቱም ሲሟሉ ነው። በካምፕ ጎበዝ ሆኖ በሰፈሩ የሰነፈ ሰው አያገኘውም። በእኛ የአብነት ትምህርት ቤት የቅኔ ወይም የአቋቋም ደቀ መዝሙር መማሩ ብቻ መምህር እንደማያሰኘው፣ ከሚያውቁት ሊቃውንት ፊት አስመስክሮ እንደሚወጣ ሁሉ፣ እዚህም ማዕረጉ የሚቆመው በምስክር ላይ ነው። የምስክርነት ፋይዳ ሁለት ነው፦ ለወላጅ ዋስትና ይሆናል፤ ለሠልጣኙ ደግሞ ሥራውን አንድ ሰው በትዕግሥት እንዳየለት ይነግረዋል። በጎ ፈቃደኛን ከሥራው የሚያርቀው ብዙ ጊዜ ድካሙ ሳይሆን ድካሙን ማንም አለማየቱ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከሜዳልያ ይልቅ ተከታታይ ዐይን ይጠቅማል።

በዚህ ታሪክ ላይ ከሚነሡት ተቃውሞዎች ሁሉ የከበደው የዶቃዎቹን ምንጭ የሚመለከት ነው፤ ለአፍሪካዊ አንባቢ ደግሞ ሊታለፍ የማይችል ነው። ሐብሉ የዙሉው መሪ የዲኑዙሉ እንደሆነ ነው የሚተረከው። ዲኑዙሉ በ1879 እንግሊዞች የወጉት የንጉሥ ሴትሽዋዮ ልጅ ነው። በ1888 በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ሲነሣ ባደን ፓወል ከዘመቻው ጋር ነበር። ዲኑዙሉ ተይዞ ተፈርዶበት ወደ ሴንት ሄሌና ደሴት ተጋዘ፤ እስከ 1897 እዚያ ቆየ፤ ከ1906ቱ የባምባታ ዓመፅ በኋላም ዳግም ተከሶ ታሰረ፤ በ1913 ከአገሩ ርቆ ሞተ። በስካውቶች ዘንድ ሐብሉ በስጦታ እንደተገኘ አድርጎ መተረክ ለረጅም ጊዜ ተለምዷል፤ ነገር ግን ለዚህ የሚበቃ ማስረጃ የለም። ባደን ፓወል ራሱ በተለያየ ጊዜ የተረከው እርስ በርሱ አይስማማም፤ ዲኑዙሉ ጥሎት በሸሸው ጎጆ ተገኘ የሚለው አተራረክ ግን የስጦታ አይደለም፣ የዘመቻ ምርኮ ነው። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው ቅርስ ይመለስ እያለ የሚሟገት የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሲሰማ ነገሩ ሩቅ አይሆንበትም።

ከዚህ የሚበልጥ ነገርም አለ። በዙሉዎች ዘንድ ኢዚቁ የሚባል ከእንጨት ቁራጭ የሚሠራ የአንገት ሐብል ነበር፤ ይህ ለጌጥ የሚደረግ አልነበረም፤ በውጊያ ጀግንነቱን ላስመሰከረ ተዋጊ በንጉሡ ፈቃድ የሚሰጥ የክብር ምልክት ነው። ማለትም ዶቃው ጊልዌል ከመድረሱ አስቀድሞ በራሱ አገር የሽልማት ሥርዓት ነበረው፤ በሥራ ይገኝ ነበር፤ ምስክርም ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ አንዳንዶች እንደሚሉት ባደን ፓወል ተራ የእንጨት ቁራጮችን ወስዶ ትርጉም አልሰጣቸውም፤ ትርጉም የነበራቸውን ወስዶ በሌላ ትርጉም ተጠቀመባቸው። ይህ ሥርዓቱን ከሥሩ ያፈርሰዋል ወይ? እኔ አያፈርሰውም እላለሁ፤ ምክንያቴ ግን «ዘመኑ እንዲያ ነበር» የሚለው የተለመደ ማስተባበያ አይደለም። ሥልጠናውን ያቆመው አብሮ መኖር፣ ምክርና ምስክርነት እንጂ የሐብሉ ጥንታዊነት አይደለም፤ የጥንቶቹ ዶቃዎች አልቀው በፋብሪካና በእጅ በተሠሩ ቅጂዎች ከተተኩ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሥርዓቱም አልተናጋም። ነገር ግን ሐቅ መናገርን ለልጆች ሊያስተምር የተነሣ ንቅናቄ ስለ ራሱ ምልክት የሐሰት ተረት ሊያስተምር አይገባም። ለሠልጣኙ የዲኑዙሉን ስም፣ ስደቱንና የኢዚቁን ትርጉም መንገር ከክብሩ አይቀንስም። ክብርን በምልክት መግለጽን እንግሊዞች ለዙሉ አላስተማሩትም፤ ከዙሉ ወሰዱት እንጂ፤ ይህን ማወቅ የዶቃውን ታሪክ ያቀናዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ምልክት ቡድንተኝነትን ይወልዳል የሚል ነው፤ በዚህ ላይ ነቃፊዎቹ ግማሽ እውነት አላቸው። ከሁለቱ ዶቃ በኋላ ሦስተኛና አራተኛ መጣ፦ ሦስት ለረዳት አሠልጣኝ፣ አራት ኮርስ ለመምራት ለተፈቀደለት። ባደን ፓወል ራሱ ስድስት ነበሩት፤ ስድስት ለቅርብ ረዳቱ ለፐርሲ ኤቨረትም ሰጥቶት ነበር፤ ኤቨረት በኋላ የጊልዌል አለቃ የሥራ ምልክት እንዲሆን መልሶ ሰጠው። ዶቃ ሲቆጠር ማን ስንት አለው ማለት ይከተላል። ዶቃ ያላቸው በአንድ ወገን፣ የሌላቸው በሌላ ወገን ተቀምጠው የሚያወሩበት ስብሰባ በብዙ አገር የታወቀ ችግር ነው፤ ዶቃ የሌለው ግን ሃያ ዓመት ልጆች የመራ ሰውም በዚያ መሃል አለ። ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም የቁጥሩ መነሻ ማዕረግን ማሳየት አልነበረም፤ ሰንሰለቱን ማሳየት ነበር። አራት ዶቃ ያላቸው ሰዎች የጊልዌል ምክትል አለቆች ተብለው ወደየአገራቸው እየሄዱ እንደራሳቸው ያሉ ሌሎችን እንዲያሠለጥኑ ነበር የታሰቡት። ሰንሰለቱ በአግባቡ ሲሠራ ምን ያህል ክፍት እንደነበር ጆን ስኪነር ዊልሰን ምስክር ነው። ይህ ሰው በካልካታ የፖሊስ መኮንን ሳለ የስካውት መሪ ሆነ፤ በ1921 ጊልዌል የገባው እንደማንኛውም ሠልጣኝ ነው፤ በ1923 ጊድኒ ሲለቅ የካምፑ አለቃ ሆነና እስከ 1943 ድረስ መራው። ተማሪ ሆኖ የገባው ሰው መምህር ሆኖ የሚቀርበት ሥርዓት ጎሣ ሊባል አይችልም። ጎሣ የሚሆነው ሦስተኛው ዶቃ ለአገልግሎት ሳይሆን ለወዳጅነት ሲሰጥ ነው፤ ያም የሆነበት ጊዜ ነበር ለማለት ታዛቢ አይጠፋም።

በሰንሰለቱ ውስጥ ሴቶች የነበራቸው ቦታ ደግሞ ሥርዓቱ ከራሱ መርሕ ያነሰበት ነው። ቬራ ባርክሌይ ለትንንሾቹ ልጆች፣ ማለትም ለ«ዎልፍ ከብ» መሪዎች ሥልጠና መሠረት ከጣሉት አንዷ ናት፤ በጊልዌል የመጀመሪያዎቹ ዓመታትም አሠልጥናለች። የእነዚህ መሪዎች ምልክት ግን መጀመሪያ ላይ ከዶቃው የተለየ፣ የጥርስ ቅርጽ ያለው ነበር፤ ወደ ዶቃው የተጠቃለለው በኋላ ነው። በአሜሪካ ቦይ ስካውትስ ደግሞ ሴቶች የስካውት ማስተር ሆነው እንዲሾሙ የተፈቀደው በ1988 ነው። ሥራውን ለአሥርተ ዓመታት እየሠሩ ምልክቱን የተከለከሉ ሰዎች መኖራቸው ምልክቱ ሥራን ብቻ ይመዝናል የሚለውን አባባል ያሳፍረዋል። ለክርክሬም ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ምስክርነት የሚጸናው ማን ይመስክር፣ ለማንስ ይመስከር የሚለው በቅንነት ሲወሰን ነው።

ሥልጠናው በፍጥነት ከእንግሊዝ ወጣ። ፈረንሳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ዣክ ሴቬን ጊልዌል ሠልጥኖ ተመልሶ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በሻማራንድ ለካቶሊክ ስካውት መሪዎች ማሠልጠኛ አቆመ፤ ሃይማኖታዊ መልክም ሰጠው፤ ፓትሮሉ፣ ካምፑና ምስክርነቱ ግን ያው ነበሩ። አሜሪካ ግን ዘገየች። ዊልሰን በ1936 ኒው ጀርሲ ሄዶ በሺፍ ማሠልጠኛ የሙከራ ኮርስ መራ፤ ሥርዓቱ በይፋ የተጀመረው ግን በ1948፣ በዴንማርክ ተወላጁ ዊልያም ሂልኮርት መሪነት ነው። ሂልኮርት ከማንም በላይ የፓትሮልና የደን ሰው ነበር። እዚያው አሜሪካ ከሃያ ዓመት በኋላ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እጅግ ጠቃሚ የሆነ ጠብ ተነሣ። ከሃንጋሪ ተሰድዶ በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ የጦር ቋንቋ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ቤላ ባናቲ መሪነት ራሱ ተተንትኖ፣ በችሎታ በችሎታ ተከፍሎ ሊሰጥ ይችላል ብሎ «ዋይት ስታግ» የተባለ የወጣቶች ፕሮግራም መሥርቶ ነበር። ሐሳቡ በ1972 ወደ አሜሪካው ዉድ ባጅ ገባ፤ ከቤት ውጭ ኑሮ ዕውቀት ይልቅ የመሪነት ችሎታዎች ማዕከል ሆኑ። ሂልኮርትና የጊልዌሉ አለቃ የነበረው ጆን ቱርማን አጥብቀው ተቃወሙ። ሂልኮርት ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ተመልሶ በ1979 ለወጣው የልጆች መመሪያ መጽሐፍ የካምፕና የደን ዕውቀቱን መልሶ አስገባ።

በዚህ ክርክር ብዙ ጊዜ ሰው አንዱን ወገን ይይዛል። ለእኔ ሁለቱም ወገኖች የተሟገቱት ስለ ይዘት ነው፤ የሥርዓቱን ዕድሜ ያረዘመው ግን ይዘቱ አልነበረም። ቋጠሮም ተማር፣ ስብሰባ መምራትም ተማር፣ ከኮርሱ በኋላ አብሮህ የሚቆይ ሰው ከሌለ ሁለቱም ይረሳሉ። ከለውጡ ሁሉ ተርፎ የኖረው የአሜሪካው «ቲኬት» ይህንኑ ያስረዳል። ሠልጣኙ በኮርሱ ላይ ሆኖ ለራሱ ሰፈር የሚጠቅሙ ግቦችን ራሱ ይጽፋል፤ በዛሬው አሠራር አምስት ናቸው። አንድ አማካሪ ግቦቹ የሚደረስባቸውና የሚመዘኑ መሆናቸውን ከእሱ ጋር ይመረምራል፤ ሠልጣኙ በ18 ወራት ውስጥ ይፈጽማቸዋል፤ አማካሪው ሲያረጋግጥ ዶቃው ይታሰራል፤ ብዙ ጊዜም የሚታሰረው በሠልጣኙ ሰፈር፣ እሱ በሚመራቸው ልጆችና በወላጆቻቸው ፊት ነው። የብሪታንያው ማኅበርም በኋላ ዘመን ለእያንዳንዱ መሪ የሥልጠና አማካሪ መድቦ፣ ኮርስ መከታተሉን ሳይሆን የተማረውን በቡድኑ ውስጥ መሥራቱን እንዲያጸድቅ አድርጎ ነበር። መንገዱ ተለዋወጠ፤ የጊልዌል ሦስተኛ ክፍል ግን በሌላ ስም ተመለሰ።

እውነተኛ በጎ ፈቃደኛ ምስጋና አይሻም፣ ምልክት መስጠት በጎነቱን ያረክሳል የሚልም አለ። ሐሳቡ ከከበረ ቦታ የመጣ ነውና በአክብሮት መመለስ አለበት። ምልክቱ ዋጋ ቢሆን ኖሮ ተቃውሞው ልክ ነበር፤ ለአንድ ዓመት ተኩል ሥራ ሁለት የእንጨት ቁራጭ ግን ዋጋ አይባልም። ይልቁንም ግዴታ ነው። ዶቃውን ያደረገ ሰው የሰለጠነ መሆኑን ለሚያየው ሁሉ ያውጃል፤ ስለዚህ ሲያጠፋ የሚጠየቅበትን አንገቱ ላይ ተሸክሟል። ምስጋና የማይሻ ሰውም መጠየቅን አይሸሽም። ከዚህም ሌላ ምልክቱ ለተሸካሚው ብቻ አይደለም፤ አዲስ የመጣው መሪ በአዳራሹ ውስጥ ማንን ቀርቦ መጠየቅ እንደሚችል የሚያውቀው በእሱ ነው።

ይህ ሁሉ ሰው በሰው የሚተላለፍ በመሆኑ ሲበጠስ በቀላሉ አይቀጠልም። ሃንጋሪን ኮሚኒስቶች ሲይዙ የስካውት ማኅበሩ ፈረሰ፤ ሥርዓቱን ይዘው የቆዩት እንደ ባናቲ ያሉ ስደተኞች ነበሩ። በኢትዮጵያም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የነበረው የስካውት ማኅበር ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ፈርሶ ቆይቶ ነው ዳግም የተቋቋመው። እንዲህ ባለ መቋረጥ ጊዜ መጽሐፉንና የደንብ ልብሱን መመለስ ቀላሉ ሥራ ነው፤ አዲሱን መሪ በቅርብ ሆኖ የሚያይለት፣ ራሱም በሌላ ሰው የታየ አንጋፋ ማግኘት ግን ትውልድ ይጠይቃል።

ከዚህ አንጻር ሥርዓቱ እስከ ዛሬ ያላረመው አንድ ጉድለት ይታየኛል። ሦስተኛውና አራተኛው ዶቃ የሚሰጡት በአብዛኛው በኮርሱ ሜዳ ላይ ለሚያገለግሉት ነው። ከኮርሱ በኋላ ባሉት ረጅም ወራት ከሠልጣኙ ጋር እየተቀመጠ ግቡን የሚያስተካክልለት፣ ተስፋ ሲቆርጥ የሚደውልለት፣ በመጨረሻም በስሙ ፈርሞ የሚመሰክርለት የሰፈር አማካሪ ለዚህ ሥራው የተለየ ዶቃ የለውም። ሜዳው ይታያል፤ እሱ አይታይም። የሥርዓቱን ክብደት የተሸከመው ሦስተኛው ክፍል ከሆነ፣ ማክበሩም ወደዚያ መዞር ነበረበት፤ ቢያንስ ዶቃ በሚታሰርበት ቀን ከሠልጣኙ ስም ቀጥሎ የእሱ ስም ሊጠራ ይገባል።